ከጎን የተሣለ ፊት

መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ተልኮ የመጣው ከደብረ ብርሃን በሚነሣው የጠዋት አውቶቡስ ነው። ረዳቱ እስከ ሱቄ ተሸክሞት ገባና፣ "ጓደኛሽ ናት የላከችልሽ። ምን ድንጋይ ነው ያሸከመችኝ?" ብሎ ባንኮኒው ላይ ጣለው። ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሳልከፍተው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሥራውን ስትጀምር ደውላ ነግራኛለች፤ ስትጨርስ ደውላለች፤ ፊልሙ ውጭ አገር መታየት ሲጀምር ደውላለች፤ ሥዕሎቹ በመጽሐፍ ሊወጡ ነው ሲባልማ እያለቀሰች ነው የደወለችው። በየጊዜው "እንኳን ደስ ያለሽ" ብያታለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ቀላል የሚሆነው ለማይቀና ሰው ነው። ከእኔ አፍ የሚወጣው እንደ ገብስ ገለባ ጉሮሮዬ ላይ ተለጥፎ፣ በግድ ነው።

ወዲያው አልከፈትኩትም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥር ወሸቅኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሱቄ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ናት፤ ፎቶ አነሣለሁ፣ የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፣ ባነር አዘጋጃለሁ። የዚያን ዕለት አንድ ሰውዬ የሟች አባቱን የመታወቂያ ፎቶ ይዞ መጥቶ፣ ለተዝካሩ አሳድጊልኝ፣ ስታሳድጊውም ኮቱን አውልቀሽ ጋቢ አልብሺልኝ አለኝ። አለበስኩለት። ጋቢውን የወሰድኩት ከሌላ ሟች ፎቶ ላይ ነው። እጄ ይሠራል፣ ሐሳቤ ግን ማሽኑ ሥር ነበር። እሷ ለሌለ አገር ሰዎች ልብስ ታወጣለች፤ እኔ የመሐል ሜዳን ሙታን ጋቢ አለብሳለሁ። ሥራው ያው ነው፣ የሚያየው ሰው ነው የሚለየው አልኩ ለራሴ። አልኩ እንጂ አላመንኩትም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሥራዋ ኮንሴፕት አርት ይባላል። የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ከመሠራቱ በፊት፣ ገና ካሜራ ሳይነሣ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሌለውን አገር መሣል አለበት። መርከቡ ምን ይመስላል፣ ሰማዩ ላይ ስንት ጨረቃ አለ፣ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ምን ለብሰው ምን ላይ ይቀመጣሉ፤ ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ሠዓሊው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሥዕሎቹን ሰብስበው ትልቅ መጽሐፍ ያደርጓቸዋል። እኔና እሷ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅነው ከእንደዚህ ዓይነት አንድ መጽሐፍ ነው።

አጎቴ ጓሳ ላይ ጥበቃ ነበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ከሚያርፉበት ቤት፣ አንዱ እንግዳ አልጋው ሥር ትቶት የሄደውን መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ልብ በሉልኝ፤ ይዞልኝ ነው ያልኩት። ለእኔ። እሷ የጎረቤት ልጅ ነበረች፣ እኛ ቤት ውላ እኛ ቤት የምታመሽ። መጽሐፌን ከእኔ ጋር ያየች ልጅ ናት። ሰው ሁሉ ዛሬ "ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታይ ነበር" ሲላት፣ የማን መጽሐፍ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ፊልሙን አላየነውም። እኔ እስከ ዛሬም አላየሁት። ጽሑፉንም አናነበውም፣ እንግሊዝኛችን ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ሥዕሎቹ የእውነተኛ አገር ሥዕሎች ይመስሉን ነበር፤ ከእንሳሮ ማዶ፣ ከአዲስ አበባም ማዶ፣ አንድ ቦታ ያለ አገር። አባቴን ስንጠይቃቸው ወረቀቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ልጆቼ፣ ውሸት ቢሆን እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ማን ያትመው ነበር?" አሉን። እኛም አመንን። ያንን አገር ለማየት ስንት ዓመት ተመኘን።

መጽሐፉ ለአንድ ልጅ ጭን አይበቃውም። መስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና የግራው ክዳን እኔ ጭን ላይ፣ የቀኙ እሷ ጭን ላይ ይሆናል። ቀኝ በኩል ስለነበረች ገጹን የምትገልጠው እሷ ናት። ትልልቆቹ ሥዕሎች ደግሞ ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ነበሩ፤ በግራው ያው የማናነበው ጽሑፍ ነው። "ዛሬ እንኳ ቦታ እንቀያየር" ስላት፣ "ለምደነው የለም እንዴ?" ትለኛለች። ለምደነው! ደህናው ወገን የደረሰው ሰው ሁልጊዜ ለምዶት ነው የሚገኘው። በመጽሐፌ፣ በአግዳሚዬ፣ በአባቴ ቤት፣ አንገቴን አስግጌ የሷን ጭን ሳይ አደግኩ።

ከዚያ የራሳችንን አገር መሣል ጀመርን። ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ ሣሩም መንገዱም ይጠፋና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ብቻ ቆመው ይቀራሉ፤ ቀጥ ብለው፣ ከሰው ቁመት በላይ ረዝመው፣ አንዱ ካንዱ ተራርቀው። ጉም ሲሸፍናቸው ይራመዳሉ፣ ሲገለጥ ደግሞ የቆሙ ይመስላሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው። እሷ እግር ሣለችላቸው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ብሩሻቸውን ሰቅለዋል እንጂ፣ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ የሳቸው እጅ ያላረፈበት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ቀለም ሲበጠብጡ እኔና እሷ ከአጠገባቸው አንጠፋም፤ ከሁሉ በፊት ያስተማሩን የፊትን ሕግ ነበር። ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሰቀሉት ወታደሮች፣ እነዚህ ሁሉ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። መጽሐፍ የማያነብ ምእመን ግድግዳውን አይቶ ወዳጁንና ጠላቱን የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ እሷ በከሰል መልአክ ስትሥል ፊቱን ወደ ጎን አዞረችው። አባቴ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። "መልአኩ ምን አደረገሽና ነው አንድ ዓይኑን የነሣሽው?" አሏት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ሳቅኩ። ሕጉ ሁለታችንም ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው።

ካደግን በኋላ አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት አብረን ተፈተንን። ጠረጴዛ ላይ አንድ ማሰሮ አስቀምጠው ሣሉ አሉን። ማሰሮ! እኔ ማሰሮ የምሥለው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ማሰሮው አፉ ጋ ስንጥቅ ነበረበት። እኔ ከአባቴ የተማርኩት የተሰነጠቀ ግድግዳ ደፍኖ መሣልን ነው፤ የሰው ዕቃ ላይ ስንጥቁን ማሳየትም ነውር መሰለኝና ደህና ማሰሮ አድርጌ ሣልኩት። እሷ ስንጥቁን ሣለችው። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። መስመር ከሆነ የእኔ መስመር ይበልጣል፤ አባቴ ራሳቸው ብለውታል፤ እሷም ሰምታለች። ግን መስመሬን ይዤ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። እሷ እዚያው ቀረች፣ በኮምፒዩተር መሣል ተማረች፣ ሥዕሎቿን ኢንተርኔት ላይ ትለጥፍ ጀመር፣ ከዚያ ውጭ አገር ያሉ ፊልም ሠሪዎች አዩዋትና አዲስ አበባ ቤቷ ቁጭ ብላ እንድትሠራላቸው ቀጠሯት። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ አጭር መሆኑ ነው።

ስሟ መሐል ሜዳ ከደረሰ በኋላ ሱቄ የሚገባው ሁሉ "ጓደኛሽ እኮ ዓለምን አዳረሰች፣ ያንቺም ኩራት ነው" ይለኛል። ፈገግ እላለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እላለሁ በሆዴ።

ለምሳ ሱቁን ስዘጋ ካርቶኑን ቀደድኩት። መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣብኝ፤ ያው የድሮው መጽሐፍ ሽታ፣ የጥሩ ወረቀትና የቀለም። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ክዳን የእኔ ጭን ላይ ነበር፤ አልተመቸኝም፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

የፈራሁት ቶሎ መጣ። ጅብራዎቹ። ጉም ውስጥ፣ ሁለት ጨረቃ ሥር፣ እየተራመዱ። እግራቸው እንኳ ያው በልጅነት የሣለችላቸው እግር ነው፣ ጉልበት የሌለው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ አስተረጎምኩት፤ ሠዓሊዋ ይህን ያገኘችው ካደገችበት ተራራ ነው ይላል። ተራራው ነው የተጠቀሰው። እኔ አልተጠቀስኩም። ቅናት ሆድ ውስጥ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ ግን እጄ ላይ ነበር፣ ጣቶቼ ገጹን ለመቅደድ ሲያሳክኩኝ ታወቀኝ። ሥዕሉ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዴት በወደድኳት። ሥዕሉ ግን ግሩም ነበር። ጉሙ እውነተኛ ጉም ነው፣ ብታዩት ልብሳችሁን ትሰበስባላችሁ።

መግለጤን ቀጠልኩ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራሴን። ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት ተቀምጬ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ አንዲት ነገር የእኔ ናት የምትል ምልክት ትኖር እንደሆነ። አንድ የቀኝ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ሴት ናት። ገጹን ሞልታ ቆማለች፣ እንደ በርኖስ ያለ ጥቁር ካባ ደርባ። ከኋላዋ የራስ ቁር የደፋ ሕዝብ ተሰልፏል። ጉንጯ ላይ፣ ከቀኝ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ የእሳት ጠባሳ አለ። ጆሮዋ ቀዳዳ ውስጥ ጉትቻ የለም፤ ጥቁር ክር ነው ያለው። እጄን ወደ ጉንጬ ሰደድኩ። ጠባሳዋ የእኔ ናት፣ በሕፃንነቴ ፍም ያገኘኝ ቦታ። ጥቁሩ ክርም የእኔ ነው፣ ጆሮዬን ተበስቼ ጉትቻ እስኪገዛልኝ እንደዚያ ነበርኩ። ራሴን አገኘሁ። ከጎን ነበርኩ። አንድ ዓይን ብቻ ነበረኝ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መጽሐፉን ይዤ ቤት ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አጉሊ መነጽራቸውን አምጪ አሉኝና አንድ በአንድ መመርመር ያዙ። የጠፈር ልብሱን አይተው "የወታደር ጥሩር ነው የለበሱት" አሉ። መርከቡን አይተው "ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"በሰማይ የሚሄድ መርከብ ነው፣ አባባ።"

"በሩ የታለ?"

"አልሣለችውም።"

"በር የሌለው ምን ይረባል" አሉና ገለጡ። ጅብራዎቹ ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ብዙ ቆዩ፤ ዝምታቸው ማድነቅ እንደሆነ ስለማውቅ ያም አናደደኝ። እኔ ሥዬ ሳሳያቸው አይቆዩም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ጋ ደረሱ። መነጽሩን ጉንጯ ላይ፣ ከዚያ ጆሮዋ ላይ አደረጉት። ቀና ብለው እኔን አዩ።

"ይህቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ እንጃ፣ አባባ።"

"አንቺ ነሽ። ክርሽን አልረሳሁትም።" መነጽሩን አወረዱት። "ከሰቃልያን ጋር ነው የሣለችሽ። ምን አድርገሻት ነው፣ ልጄ?"

ምንም አላደረግኳትም። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገርኳትም። ቀናሁ እንጂ። ቅናት ደግሞ በስልክ አይሰማም ብዬ ነበር። ፈረንጆቹ ያችን ሴትዮ አይተው ቆንጆ ሥዕል ነው ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን ከጎን የተሣለ ፊት ምን ማለት እንደሆነ የተማረችው እኛ ቤት ነው፣ በአባቴ አውራ ጣት። ገብቷታል ማለት ነው። "እንኳን ደስ ያለሽ" እያልኩ በሆዴ የምለውን ሁሉ ሰምታዋለች፤ ሰምታም በዓለም ፊት በጥሩ ወረቀት አትማዋለች።

ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሣሁም። ዐቢይ ጾም ነበር። ትደውላለች፣ ስልኩ ባንኮኒው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አያለሁ፣ ይቆማል። "ደረሰሽ?" ብላ ጻፈች። አልመለስኩም። "አባባ አዩት?" ብላ ጻፈች። አልመለስኩም። መሐል ሜዳ ላይ ስለ መስመርና ስለ ጥላ የማወራው ሌላ ሰው የለኝም፤ አንድ ያለችኝን እያጣኋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የተሰደበ ሰው ቀድሞ ስልክ አያነሣም። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እያዩ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይሉኛል። ራሳቸው ናቸው ነገሩን የጀመሩት፤ መልሰው ደግሞ እኔን ይገሥጹኛል። ማታ ማታ መጽሐፉን እያወጣሁ ያችን አንድ ዓይን አያለሁ። ክፋት ፈልጌ አጣሁባት። ይህም እልህ አስያዘኝ፤ ተንኮሏን የደበቀችበት ጥበቧ ነው አልኩ።

ለፋሲካ መጣች። እናቷ ቤት ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ነው እኛ ጋ የገባችው። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ ጃኬቷ ጥሩ ጃኬት ነው፣ ያንንም አየሁ። ለአባቴ ሹራብ ይዛለች። አንገቴን ስማኝ፣ "ስልክሽ ተበላሽቶ ነው አይደል?" አለችኝ፤ እንዲያ እንድል መንገድ እየሰጠችኝ።

"አልተበላሸም" አልኩ።

አባቴ ግን ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም። ሹራቡን ሳይቀበሉ ወደ አግዳሚዋ አመለከቷት። "ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ያንን መጽሐፍ አምጪው አንቺ።" አመጣሁት። ገጹን ራሳቸው ፈልገው ዘረጉት። "ይህቺ ልጄ ናት?"

"አዎ፣ አባባ። አወቋት!" ፊቷ በራ። "ሳትነግሪያቸው ነው ያወቋት?" አለች ወደ እኔ ዞራ።

"ሰቃሊ አድርገሽ ነው የሣልሻት። እኔ ያስተማርኩሽ እንዲህ ነው?"

መጀመሪያ ሳቀች። ሁለታችንም እንዳልሳቅን ስታይ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችው። "ኧረ በማርያም!" አለች። "አባባ፣ ይህቺ እኮ ደጓ ናት። አገሯ ሲጠፋ ሕዝቡን የምታሻግረው እሷ ናት። እነዚህ ከኋላዋ ያሉት ወታደሮች አይደሉም፣ የምትመራቸው ስደተኞች ናቸው። ፊልሙን አላያችሁትም?"

"የት ነው የምናየው?" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። "ደግ ከሆነች ዓይኗ የታለ? ሕጉ ጠፍቶሽ ነው? አውራ ጣታቸውን ረስተሽው ነው?"

"አልረሳሁትም። ስሥላት የሳቸው አውራ ጣት ነበር የሚታየኝ።" አባቴን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። "አሠሪዎቼም ከፊት አድርጊያት ብለውኝ ነበር። ሞከርኩ። አንቺ አልሆን አለችኝ። ሌላ ሰው ትሆንብኛለች። ከፊት አላውቅሽም እኮ።"

"ምን ማለት ነው አላውቅሽም? አብረን አይደል እንዴ ያደግነው?"

"እዚህ ነዋ ያደግነው።" የተቀመጠችባትን አግዳሚ መታ መታ አደረገች። "ጎን ለጎን። አንቺ መጽሐፉን ታያለሽ፣ እኔ አንቺን አያለሁ። ጥሩ ሥዕል ሲመጣ አፍሽ በትንሹ ይከፈት ነበር። ያኔ፣ ይኸኛው ጥሩ ነው ማለት ነው እላለሁ። እኔ ከየት አውቄው? የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። ቦታ እንቀያየር ስትዪኝ እምቢ የምልሽ ለዚያ ነበር፤ በዚያኛው በኩል ፊትሽን አልለመድኩትማ።"

አንገቴን አስግጌ ጭኗን ስመለከት ያደግኩበትን ያን ሁሉ ጊዜ፣ እሷ ጭኗን ትታ እኔን ስታይ ነው የኖረችው። እኔ አንድም ቀን ዘወር ብዬ አላየኋትም። ይህን ለመቀበል ግን ገና ዝግጁ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ያለኝን የመጨረሻ ድንጋይ ወረወርኩ።

"ፎቶ ላኪልኝ አትዪም ነበር? ፎቶ ቤት እኮ ነው ያለኝ!"

"ብዬሽ ነበር" አለች። "ሥራ በዝቶብኛል አልሽኝ።"

ብዬ ነበር። ለምን ፈለገችው ሳልል፣ ሥራዋን ስታወራኝ ሁልጊዜ እንደማደርገው ቶሎ ዘግቼባት ነበር።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሲያስታርቁም እንደ ሥራ ትእዛዝ ነው የሚናገሩት። "እንግዲያው አሁን ሣያት። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። እኔ እያየሁ።"

በርጩማ አምጥቼ ከአግዳሚዋ ፊት ተቀመጥኩ። ከሱቅ ያመጣሁትን የፎቶ ኮፒ ወረቀት መጽሐፉ ላይ አስደግፋ፣ የአባቴን እርሳስ ይዛ ጀመረች። እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። የት ማየት እንዳለብኝ ጠፋኝ። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፣ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህን ከየት ተማረችው? መጀመሪያ ግንባሬን አይደለም የጀመረችው፤ ጥላውን ነው። ጥላ አስቀድሞ፣ መስመር ኋላ። አባቴ እንዲህ አላስተማሩንም። እጇ ሳይቸኩል ይሄዳል፣ አንድም መስመር አትሰርዝም።

"ቀና በይ" አለችኝ።

ቀና አልኩ።

ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፣ ከክርኗ ነው የምትሥለው። እኔ ከእጅ አንጓዬ ነው፤ ለዚህ ይሆን መስመሬ አጭር የሚሆነው?

"ቀና በይ እንጂ" አለች ደግማ፣ ቀስ ብላ።

ቀና ያልኩ መስሎኝ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ያለውን ዶሮ ያባርራሉ፣ እናቷ ከአጥሩ ማዶ "ምሳ ቀረበ እኮ!" እያለች ትጣራለች፤ እሷ ግን ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ሰው እንዲህ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ደስም አለኝ፣ ተሸማቀቅኩም።

ስትጨርስ ወረቀቱን መጀመሪያ ለአባቴ ሰጠቻቸው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። መነጽራቸውን ይዘው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሄዱ። ፊታቸው ተፈታ። "እሰይ!" አሉ። "ሁለት። አሁን ሰው አደረግሻት።" ሹራቡን አነሡና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፣ ነገሩ ማለቁን ሲያሳዩ። ወረቀቱን ለእኔ አቀበሉኝ።

እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ነው፣ ጠባሳዬ ነው፣ በፎቶ ቤቴ መስታወት በየቀኑ የማየው ፊት ነው። ግሩም ሥዕል ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ በየቦታቸው አሉ፣ አንድም አልጎደለም። ግን ሁለቱም ዝቅ ብለዋል። የሚሥላቸውን ሰው አያዩም። ወደ ወረቀቱ ታች፣ ቀኝ ጥግ ነው የሚያዩት፤ እጇ ወደነበረበት። አባቴ ዓይኖቹን ቆጠሩ እንጂ ወዴት እንደሚያዩ አላዩም። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው አንድ ዓይና ሴት ሩቅ ታያለች፣ ሕዝብ ተከትሏታል። ይህቺ ሁለት ዓይን ያላት የሰው እጅ እያየች ትቀናለች።

ወረቀቱን ይዤ አቀርቅሬ ቀረሁ።

"ቀና በይ ብዬሽ ነበር እኮ" አለችኝ፣ አባቴ እንዳይሰሙ ዝግ ብላ።

ቀና አልኩ። እያየችኝ ነበር።